ከፈረስ ስም እስከ በረሃ ስም

«ስምን መላክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። አባባሉ ለሕፃን ስም ሊሠራ ይችላል፤ በአርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ ክርስትና የሚነሣ ልጅ በስሙ ላይ የሚሰጠው አስተያየት የለውምና። አድጎ፣ ጢም አውጥቶ፣ ጦር ሰብቆ ወይም ብዕር ጨብጦ «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ በሉኝ» የሚለውን ሰው ስም ግን ማን ያወጣለታል?

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የባሕር ዳርና የጣና ዳር ወጣቶች በኢንተርኔት ላይ ራሳቸውን የሚጠሩባቸውን ስሞች ስመለከት ብዙዎቹ ከታሪክ መጽሐፍ ተነቅለው የመጡ ናቸው፦ መይሳው፣ አባ ታጠቅ፣ ዳኘው፣ አባ ኮስትር። ፖለቲካን የሚተነትኑ አንዳንድ ወገኖች ይህን ልማድ «የፈሪዎች ጭንብል» ይሉታል። «ወንድ ከሆነ በስሙ ይጻፍ» የሚለውን ፉከራ ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ክርክሩ ግን ከኢንተርኔት በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በዚህች አገር ሰው ለራሱ ስም ማውጣቱ የቆየ የፖለቲካ ጥበብ ነው፤ ዋጋም ያስከፍላል።

ከመሠረቱ እንጀምር። የአማርኛ ስም ወላጅ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ አንዳንዴም ለሞት የሚልከው መልእክት ነው። ምትኩ፣ ማስረሻ፣ ካሣ የሚባሉት ስሞች ከበስተጀርባቸው የሞተ ልጅ ወይም የጠፋ ነገር እንዳለ ይናገራሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን አንድ ለማድረግ ከተነሡት ሦስት ነገሥታት የሁለቱ የልደት ስም ካሣ መሆኑ ይደንቀኛል፤ የቋራው ካሣ ኃይሉና የተምቤኑ ካሣ ምርጫ። ሁለቱም ሲነግሡ የእናታቸውን ቃል ትተው ሌላ ስም ያዙ። የቋራው ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲቀባ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የመረጠው ስላማረው አልነበረም። በፍካሬ ኢየሱስ ትንቢት ከብዙ መከራ በኋላ ይመጣል የተባለው ጻድቅ ንጉሥ ስም ቴዎድሮስ ስለነበረ ነው። በዚያ ስም መጠራት ያለ አዋጅ አዋጅ ነበር። የጎጃሙ ራስ አዳል ተሰማም በጥር 1873 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ እጅ ዘውድ ሲቀበሉ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ «የሃይማኖት ተክል» ተብለው በዓመት ከመንፈቅ ገደማ ውስጥ እምባቦ ላይ በምኒልክ ጦር ተማረኩ እንጂ።

ከእነዚህ ሁሉ ስር ደግሞ የማይነገር ስም አለ። የክርስትና ስም ለቄሱ፣ ለክርስትና አባቱና ለቤተሰቡ እንጂ ለመንገደኛ አይገለጥም። ምክንያቱን ከአያቶቻችን ሰምተነዋል፤ ጠንቋይ ሊጎዳ የሚፈልገውን ሰው ስመ ጥምቀቱንና የእናቱን ስም ካላገኘ ድግምቱ አይዝለትም። ክታብ የሚያሠራውም ሰው ደብተራው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሰው በሁለት ስም መኖሩን፣ አንዱ ለአደባባይ ሌላው ለሥውር መሆኑን የጣና ዳር ሰው የተማረው እንግዲህ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። ስሙ የታወቀበት ሰው ተይዟል የሚለው እምነት የድሮ ሰው አጉል ፍርሃት ነው ብሎ የሚስቅ ካለ፣ በቀይ ሽብር ዘመን የቀበሌ ዝርዝር ላይ ስሙ የሰፈረበትን ወጣት ያስታውስ።

እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስ በአገሩ ሰዎች ዘንድ ይጠራ የነበረው «ያጉቤ» ተብሎ ነው፤ ጀምስ ማለት ያዕቆብ ነውና። በሐኪምነት ስም በእቴጌ ምንትዋብ ቤት ተወድዶ፣ በዚያው ዓመት ጢስ ዓባይን አየ፤ ወደ ግሽ ዓባይም ተሻገረ። ከእርሱ በፊት ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ በፏፏቴው ውኃና በገደሉ መካከል ገብቼ ተቀመጥሁ ብሎ ጽፎ ነበር፤ ያጉቤ ይህን ሐሰት ነው ብሎ በመጽሐፉ ዘለፈው። በተውሶ ስም የሚዞር ሰው ሌላውን በሐሰት ሲከስ ማንበብ ደስ ይላል። (ፏፏቴው ራሱ ስሙን ለመጠበቅ ብዙ ታግሏል። በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ከተሠሩ ወዲህ፣ ውኃው ተጠልፎ በበጋ ጢሱ የጠፋበትና «ጢስ ዓባይ» የሚለው ስም ብቻ ገደሉ ላይ የቀረባቸው ዓመታት ነበሩ።)

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ የፈረስ ስም። በእኔ ግምት ኢትዮጵያ ለዓለም የስም ታሪክ ካበረከተቻቸው ነገሮች ከዚህ የሚበልጥ የለም። ጦረኛው ለፈረሱ ስም ያወጣል፤ «አባ» የሚለውን ቃል ከፊት ያስቀድምና የፈረሱ ጌታ በዚያ ስም ይጠራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ፣ ራስ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ልጅ ኢያሱ አባ ጤና፣ ተፈሪ መኰንን አባ ጠቅል። ልማዱ በኦሮሞ ፈረሰኞች ዘንድ ሥር የሰደደ መሆኑ አያከራክርም። የጅማ ነገሥታት ከአባ ጅፋር ቀዳማዊ እስከ አባ ጅፋር ዳግማዊ፣ በመካከል አባ ሬቡ፣ አባ ቦቃና አባ ጎሞል፣ በታሪክ የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው ብቻ ነው፤ የዳግማዊውን የልደት ስም፣ ቱሉ የሚለውን፣ ስንት ሰው ያውቀዋል? «አባ» በግእዝም በአማርኛም አባት ነው፤ በኦሮምኛም አባትና ባለቤት ነው። አንዱ ቃል ሁለቱን ቋንቋ ሳይሰናከል ያለፈበት ልማድ ይህን ያህል የተስፋፋው በዚህም ሳይሆን አይቀርም። ስለ ማን ከማን ወሰደ የሚነዛነዙ ወገኖች ቢኖሩም፣ የምኒልክ ሊቃነ ጦር ሁሉ፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ ትግሬው፣ በአንድ የስም ሥርዓት ሲጠሩ ማየቱ ለእኔ ከክርክሩ ይበልጥብኛል።

አንባቢዬ የእነዚህን ስሞች ሰዋስው ልብ ይበልልኝ። ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ቃኘው፣ ዳኘው፣ ጠቅል፤ ሁሉም ትእዛዝ አንቀጽ ናቸው። የልደት ስም ብዙ ጊዜ የተፈጸመ ድርጊትን ይናገራል፤ ተሰማ፣ አበበ። የፈረስ ስም ግን ገና የሚሠራውን ያዝዛል። ፈረሰኛው ለፈረሱ የሚጮኸው ቃል፣ አሽከሩ በፉከራ የሚደግመው፣ አዝማሪውም የሚቀበለው ቃል ነው። ስለዚህ «አባ በዝብዝ» ማለት «ዘራፊው» ማለት ብቻ አይመስለኝም፤ ጠላትህን ዝረፈው የሚል ትእዛዝ ጌታው ላይ ተለጥፎ የቀረ ነው። «አባ ዳኘው» ደግሞ፣ ዳኛ ሁንበት። በተምቤንና በሸዋ መካከል የነበረውን የመንግሥት አመለካከት ልዩነት ከሁለቱ ስሞች ላንብበው የሚል ሰው ቢመጣ ባላምነውም አዳምጠዋለሁ።

ይህ ስም ሌላ ጥቅም ነበረው። ትልቅን ሰው በልደት ስሙ መጥራት ድፍረት፣ በማዕረጉ ብቻ መጥራት ደግሞ ቅዝቃዜ ነው። የፈረስ ስም አክብሮትንና ፍቅርን በአንድ ላይ ይዞ ለአሽከሩ፣ ለወታደሩ፣ ለገበሬው አፍ ተመቸ። ከዚያም በላይ ጌታውን በሕይወት ይበልጠዋል። ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ሞቱ። ልጃቸው ንጉሠ ነገሥት ሆነው በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የላኩት ሻለቃ ጦር «ቃኘው» ተባለ፤ አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካኖች የሬድዮ ጣቢያም «ቃኘው» ተብሎ እስከተዘጋበት እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። የሐረርጌ ገዢ የጫኑት ፈረስ ስም በኮርያ ተራሮች ላይ የሚፎከርበት፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ደግሞ የመጥለፊያ አንቴናዎች መጠሪያ የሚሆንበት ታሪክ ሌላ ቦታ ይገኛል ብዬ አላስብም።

ሴቶቻችን በዚህ ሁሉ የት አሉ ለሚለኝ፣ መልሱ አያኮራም። የፈረስ ስም የወንድ ነበር። እቴጌ ጣይቱ «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» የሚል ማዕረግ ነበራቸው፤ ተራዋ ሙሽራ ግን በብዙ የአማራ አካባቢ አዲስ ስም የምታገኘው ከአማቷ ነበር። በአባቷ ቤት የነበራትን ስም ከደጅ ትታ ትገባለች። ወንዱ በራሱ ላይ ስም ሲጭን፣ ሴቷ ላይ ሌላ ሰው ይጭንባታል።

ጠላት የሚያወጣው ስምም አለ። ከካሣ ኃይሉ ጋር የተዋጉት መሳፍንት «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሉት ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብለው በእቴጌ መነን ፊት ፎክረው ሄደው ተማረኩ፤ ካሣም ኮሶ አስቀርቦ እንዳጠጣቸው ታሪኩ ይናገራል። የተሰደበበትን ስም ለተሳዳቢው አጠጣው ማለት ነው። ሁሉም ግን እንደ ካሣ አይሳካለትም። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በ1543 ከጣና በስተ ምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ ከወደቁ ወዲህ እስከ ዛሬ በእኛ ዘንድ የሚጠሩት በግራ እጃቸው ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚማሩትን ስም ያወጣው አሸናፊው ወገን ነው።

እስካሁን ያየናቸው ስሞች አንድ ጠባይ አላቸው፤ ሰውየውን ይገልጡታል። አባ ታጠቅ ማን እንደሆነ ያላወቀ አልነበረም፤ ስሙ የወጣው እንዲታወቅ ነው። ሁኔታው የተለወጠው በተማሪው ንቅናቄ ዘመን ነው፤ ነገሩም ወደ እኛ ከተማ ያመጣናል።

በነሐሴ 1961 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 አውሮፕላን ተጠልፎ ካርቱም አረፈ። ጠላፊዎቹ በብርሃነ መስቀል ረዳ የሚመሩ የተማሪ መሪዎች ነበሩ፤ ከሱዳን ወደ አልጀርስ አለፉ። ከዚያ ከአልጀርሱ ቡድን በ1963 ዓ.ም. ግድም ስለ ብሔሮች ጥያቄ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ወጣ። የጸሐፊው ስም ጥላሁን ታከለ ይላል። ጥላሁን ታከለ የሚባል ሰው ግን አልነበረም። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተገደለውን የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛውን ያስታወሰ አንባቢ ስሙን ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም፤ «ታከለ» ደግሞ ተጨመረ ማለት ነው። ይህ የእኔ አነባበብ ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ በሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች መጽሔት ላይ በዚሁ ጉዳይ ሌላ ጽሑፍ ወጣ፤ ፈራሚው ቱምቱ ሌንጮ። እርሱም የብዕር ስም ነበር።

አንባቢዬ ነገሩን ይመዝነው። ብሔር፣ ራስን በራስ መወሰን፣ እስከ መገንጠል፤ በኋላ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ውስጥ አንቀጽ 39 ሆኖ የገባውና እስከ ዛሬ ደም የሚያፋስሰው ጥያቄ፣ መጀመሪያ በስፋት የተከራከሩበት የሌሉ ሰዎች ናቸው። ጥላሁን ታከለ ተሳስቻለሁ ሊል አይችልም፤ ጉባኤ ላይ ተጠርቶ ሊጠየቅ አይችልም፤ አርጅቶ ትዝታውን አይጽፍም። እርግጥ ነው፣ የንጉሡ ጸጥታ እያለ በስም መጻፍ እስር ነበር። ሆኖም በዚያው ዘመን ዋለልኝ መኰንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. በ«ታገል» ላይ ያንኑ ጥያቄ ሲያነሣ በገዛ ስሙ ፈርሞ ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ግድም በ1965 ዓ.ም. በአውሮፕላን ጠለፋ ሙከራ ላይ ተገደለ። ከዋለልኝ ሐሳብ ብዙውን አልቀበልም። ግን የምከራከረው ከማን ጋር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሲወቀስም ሲወደስም የሚወቀሰውና የሚወደሰው አንድ ሰው አለ።

ከአብዮቱ በኋላ ልማዱ ተባዛ። በ1968 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» የሚል ዓምድ ሲከፍት የኢሕአፓና የመኢሶን ብዕሮች በብዕር ስም ተሞሻለቁበት። ዓመት ሳይሞላ ጭንብሉ ወርዶ ጥይት ተተካ።

በረሃ የወጡት ደግሞ ስማቸውን ሙሉ በሙሉ ለወጡ። የሕወሓት መሥራቾች ጋ ዝርዝሩ የታወቀ ነው፤ አምሃ ፀሐዬ ዓባይ ሆነ፣ እምባዬ መስፍን ሥዩም፣ ፋንታሁን ዘርዓ ጽዮን ግደይ፣ ዘርኡ ገሠሠ አግዓዚ። ለገሠ ዜናዊ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. በደርግ የተረሸነውን ተማሪ የመለስ ተክሌን ስም ወሰደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቤተሰብ በከተማ አለ፤ ደርግ አባትን ስለ ልጁ ያስራል። በዚህ ላይ የሟችን ስም መሸከም ቃል ኪዳን ነው፤ ምትኩና ካሣ የሚሉት ስሞች በሌላ መንገድ ተመለሱ ማለት ይቻላል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ይገባኛል።

የማይገባኝ ከድል በኋላ የሆነው ነው። መደበቅ ያስፈለገበት ምክንያት ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አበቃ። ስሙ ግን ቀረ፤ በማኅተም፣ በአዋጅ፣ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ወጣ። ጌታቸው ማሞ ታምራት ላይኔ ተብሎ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። መብራህቱ ገብረ ሕይወት በረከት ስምዖን ተብሎ ሚኒስትር ሆነ። ታዬ ተክለ ሃይማኖት ኩማ ደመቅሳ፣ ምናሴ ወልደ ጊዮርጊስ አባ ዱላ ገመዳ ሆኑ። የመጨረሻው ስም በተለይ ይስበኛል፤ አባ ዱላ በገዳ ሥርዓት የጦር መሪው ማዕረግ ነው፤ የበረሃ ስም የፈረስ ስምን ጥሩር ለብሶ መጣ።

አውሮፓዊ አንባቢ ይህን ከቤተሰብ ስም መለወጥ ጋር ሊያመሳስለው ይችላል። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም። ሁለተኛው ስም አባት ነው። መለስ ዜናዊ የአባቱን ስም እንደያዘ የራሱን ለወጠ፤ ጌታቸው ማሞ ግን ታምራት ላይኔ ሲሆን የለወጠው አባቱን ነው። ከመንግሥት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ልጁ በሌላ ሰው ልጅነት ሲጠራ የሚሰማውን አባት አስቡት። ወንጀል ነው አላልሁም። አንድ ሕዝብ የሚያስተዳድሩት ሰዎች የማን ልጅ እንደሆኑ ማወቅ ተራ ጉጉት ነው በሚለውም አልስማማም፤ በገጠሩ ሕዝባችን ዘንድ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው የመጀመሪያው የመተማመኛ ጥያቄ ነው።

ያ ስም ከብዙዎቹ ጋር መቃብር ድረስ ወረደ። በጥር 2013 ዓ.ም. መከላከያ ሠራዊት ሥዩም መስፍንና ዓባይ ፀሐዬ መገደላቸውን ሲያስታውቅ በበረሃ ስማቸው ነው። ለእነርሱ ይህ የሚያስቸግር አልነበረም፤ አገር ሁሉ ያውቃቸዋልና። እኔን የሚያሳስበኝ በአሲምባም፣ በደደቢትም፣ በየከተማው ኅቡዕ ቤትም የወደቀው ስም የለሽ ወጣት ነው። ጓዶቹ የሚያውቁት የትግል ስሙን ብቻ ከሆነ፣ እናቱ ደግሞ የምታውቀው ያወጣችለትን ስም ብቻ ከሆነ፣ መርዶው በየትኛው በር ያንኳኳል? እዝን የሚወጣበት፣ ፍታት የሚደረግበት ስም ሦስተኛው፣ ያ ሥውሩ የክርስትና ስም ነው፤ እርሱን የሚያውቀው ቄስ ደግሞ ስለ ሞቱ የሚነግረው የለም።

በስማቸው ጽፈው የከፈሉትን መርሳት አይገባም። ከባሕር ዳር ብዙም ሳይርቅ አቸፈር የተወለደው አቤ ጉበኛ «አልወለድም»ን በ1955 ዓ.ም. ያወጣው በስሙ ነው፤ መጽሐፉ ታገደ፣ እርሱም ወደ ኢሉባቦር ተጋዘ። ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ ደግሞ «ገሞራው» የሚል የብዕር ስም ነበረው፤ እንደ ፈረስ ስም የሚነድ እንጂ የሚደብቅ አልነበረም። «በረከተ መርገም» የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። በስደት ኖሮ በ2007 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ አረፈ።

ስለዚህ «ወንድ ከሆነ በስሙ ይጻፍ» የሚሉትን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ ስሙን ለማን ነው የሚናገረው? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185 ከአምስት ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ሰው ላይ ቅጣቱን ያከብዳል። የሕጉ ዓላማ የሚነቀፍ አይደለም፤ በሥውር ስም የተጻፈ ቃል በእውነተኛ ስም የሚጠሩ ሰዎችን ሲያስገድል አይተናል። በስሙ የሚጽፍ ሰው ግን በዚህች አገር የሚጠይቀው አንባቢው ብቻ አይደለም። የምፈልገው ልዩነት ቀላል ነው፤ በብዕር ስም ሐሳብን የሚሞግት አንድ ነገር ነው፣ በብዕር ስም የሰው ስም ጠርቶ «ግደሉት» የሚል ሌላ። የመጀመሪያው ራሱን ይሸሽጋል፤ ሁለተኛው ሌላውን ያጋልጣል።

ከባሕር ዳር የሚጽፍ፣ በእኔ ሐሳብ ላይ ለዓመታት በጨዋ ቋንቋ ሲሟገት የኖረ አንድ ሰው ነበር። ስሙን ከአባ ኮስትር ወስዶታል። እውነተኛ ስሙን ጠይቄው አላውቅም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅና የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እርሱም ጠፋ። ወራት አለፉ። በከተማው ዘመድ ያላቸውን ሰዎች ልጠይቅ ፈልጌ «ማን ነው?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት ሰፈር እንደሚኖር፣ ዕድሜውን እንኳ አላውቅም። ከዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ ስም አንድ ሰው መጣ። ሠን ከሰ፣ ኀን ከሀ ለይቶ የሚጽፍ፣ ነጠላ ሰረዝ የማይረሳ፣ እንደ ቀድሞው ሰው በምሽት የሚመልስ። እርሱ መሆኑን አልጠየቅሁትም።

አባ ኮስትር እንግዲህ በላይ ዘለቀ ነው፤ ስሙ ኮስተር ካለው ፊቱ ጋር የሚሄድ ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን በጎጃም በረሃ ተከታዮቹን ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ እያለ ሲሾም፣ «አንተስ ምን ትባል?» ቢሉት «እናቴ በላይ ብላኛለች፤ ከዚህ ወዲያ ምን እፈልጋለሁ» ብሏል እየተባለ ይተረካል። ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ ደጃዝማች ብለው ሾሙት፤ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ቀድሞ ግንቦት 20 ይባል የነበረው የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የተመረጠው ስም ግን እናቱ ያወጣችለት ብቻውን አይደለም፤ በፈረሱም አልተጠራም። «ደጃዝማች በላይ ዘለቀ» ነው የሚለው፤ የሰቀሉት ንጉሥ የሰጡትን ማዕረግ ከፊት አስቀድሞ።